«ቦንድ»፣ «ትስስር» ወይስ «ውህደት»?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ማስታወሻ ለተማሪዎች በአማርኛ ሳዘጋጅ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። አቶምን ከአቶም ጋር የሚያያይዘውን ነገር አንዳንዱ «ቦንድ»፣ ሌላው «ትስስር»፣ ሌላው ደግሞ «ውህደት» ይለዋል። ሦስቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም ባይ ነኝ። «ቦንድ» በመማሪያ ክፍል የተለመደ ቢሆንም፣ ብቻውን ሲቆም ለብዙ አንባቢ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ለሕዳሴው ግድብ የገዛው ሰነድ ነው። «ትስስር» ከ«አሰረ» ይወጣል፤ ነገር ግን «ተሳሰረ» የእርስ በርስ ድርጊትን የሚያመለክት ቅርጽ ስለሆነ፣ እንደ «እስራት» አሳሪና ታሳሪ የለውም። ይህም ለነገሩ ይስማማል፤ በአቶሞች መካከል ገመድ የለምና፤ ያለው በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ቻርጆች መካከል የሚፈጠር መሳሳብ ብቻ ነው።

የመሳሳቡ መንገድ ግን ልዩ ልዩ ነው፤ አማርኛም ለየመንገዱ ቃል አያጣም። በገበታ ጨው ውስጥ ሶዲየም ከ11 ኤሌክትሮኖቹ (ኔጌቲቭ ቻርጅ ካላቸው ጥቃቅን የአቶም ቅንጣቶች) በውጨኛው ምህዋር ያለችውን አንዷን ለክሎሪን ይሰጣል፤ ክሎሪንም በውጨኛው ምህዋሩ የነበሩትን 7 ኤሌክትሮኖች 8 ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጌቲቭ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ሆነው ይሳሳባሉ። በውሃ ውስጥ ግን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ኤሌክትሮን ይጋራሉ እንጂ አንዱ ለሌላው አይለቅም፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ በ1916 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብም ይኸው ጥንድ ኤሌክትሮኖችን የመጋራት ነገር ነበር። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ቦንድ የሚጠራበትን «ኮቫለንት» የሚለውን ቃል «የመጋራት ትስስር» ብንለው ተማሪው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እንደ መዳብ ባሉ ብረት አስተኔዎች ደግሞ የውጭዎቹ ኤሌክትሮኖች የአንድ አቶም ንብረት መሆናቸው ቀርቶ በሁሉም መካከል ስለሚዘዋወሩ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትም ለዚህ ነው)፣ እኔ በበኩሌ «የወል ግጦሽ» ከምንለው ወስጄ «የወል ትስስር» ብለው ደስ ይለኛል።

«ውህደት» የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ጨውና በርበሬ አብረው ቢወቀጡ «ድብልቅ» ይባላሉ፤ ምላስ ሁለቱንም ለይቶ ያውቃቸዋል። ውሃ ሲነካው በኃይል የሚቀጣጠለው ሶዲየምና መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ሲዋሐዱ ግን ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ጨው ይሆናሉ፤ ይህ «ውህድ» ነው። እንግዲህ «ውህደት» የሆነውን ክንውን፣ «ትስስር» ደግሞ የሆነውን ይዞ የሚያቆየውን ኃይል ይገልጻሉ።

አስተያየት፦ «ተዋሕዶ» በነገረ መለኮት ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ አንድ መሆን ነው። ጠባይን ለሚለውጥ ነገር ይህንኑ ሥር መጠቀም አይጋጭም?

መልስ፦ ጥንቃቄዎ ተገቢ ነው። ኬሚስትሪው የተዋሰው «አንድ ሆነ» የሚለውን የግእዙን ሥረ ትርጉም እንጂ አስተምህሮውን አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ውስጥ ማጎራበት ግን እኔም አልወድም። ለ«ትስስር» የማደላበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ተቃራኒው «መፈታት» ከእጃችን አለ። ጨው በውሃ ሲሟሟ በአዮኖቹ መካከል ያለው ትስስር ይፈታል፤ ሶዲየሙ ግን የሰጠውን ኤሌክትሮን ስላላስመለሰ ወደሚቀጣጠለው ብረት አስተኔ አይመለስም።