«አዲስ ኬዝ»፣ «ደረጃ 3»፣ «ተጓዳኝ በሽታ»፦ በኤችአይቪ ቅኝት ሪፖርት ውስጥ በትክክል ምን ማለት ናቸው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኤችአይቪና ኤድስ ቅኝት (በሽታው በሕዝብ ውስጥ ያለበትን ሁኔታ በመረጃ ያለማቋረጥ መመልከት) በአማርኛ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ አንዱ ቃል በየገጹ ሌላ ትርጉም ይዞ ይመጣል። ሦስቱን ላቅርብ። «በዓመቱ ይህን ያህል አዲስ ኬዝ ተመዘገበ» ሲባል አዲሱ ምኑ ነው? ሰውየው የተያዘው በዚያ ዓመት ነው ወይስ የተመረመረው? «ደረጃ 3» ኤድስ ነው ወይስ ከኤድስ በፊት ያለ ደረጃ? ሁለቱም ተጽፎ ይገኛል። «ተጓዳኝ በሽታ» ስኳርና ደም ግፊትንም ይጨምራል? በሙያው ያላችሁ፣ መዝገበ ቃላት የሚለውን ሳይሆን ሥራው ላይ ያለውን ትርጉም ብታስረዱን።

መዝጋቢ፦
ከ«ኬዝ» ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። በቅኝት ኬዝ ማለት ታማሚ ማለት አይደለም። በጽሑፍ የተቀመጠ መመዘኛን ያሟላና አንድን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚወክል መዝገብ ነው። ሐኪም ጥርጣሬ ይዞም ቢሆን ሕክምና ሊጀምር ይችላል፤ ከፊቱ ያለው ሰው መዳን አለበት። ቅኝት ግን ዛሬ የቆጠረውን ከነገው፣ የአንዱን አካባቢ ከሌላው ማወዳደር ስላለበት መመዘኛውን ለማንም አያላላም። ስለዚህ ሐኪሙ «ኤድስ ነው» ብሎ ያከመው ሰው በቅኝት መዝገብ ኤድስ ተብሎ ላይቆጠር ይችላል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል።

መመዘኛው ሲለወጥ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ላይ ያወጣው መመዘኛ ላብራቶሪ ለሌለበት ቦታ የታሰበ ነበር፤ የደም ምርመራ አይጠይቅም። ከዋና ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ፣ ማለትም ከሰውነት ክብደት 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ፣ ከአንድ ወር ያለፈ ተቅማጥ፣ ከአንድ ወር ያለፈ ትኩሳት፣ እንዲሁም ከንዑስ ምልክቶች ቢያንስ አንዱ ከተገኘ አዋቂው ኤድስ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ከንዑሶቹ አንዱ ከወር ያለፈ ሳል ነው። እንግዲህ ክብደት የቀነሰ፣ የሚያተኩሰውና የሚያስለው ሰው ቲቢ ብቻ ይዞትም መመዘኛውን ሊያሟላ ይችላል። በ1994 የተስፋፋው መመዘኛ የደም ምርመራን ያስገባው እንዲህ ያለውን ለመለየት ነው።

በአሜሪካም በ1993 የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) መመዘኛውን አሰፋ። ሲዲፎሩ (ቫይረሱ የሚያጠቃው፣ ሰውነትን የሚከላከል የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር) በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ200 በታች የሆነ ሰው ምንም በሽታ ባይታይበትም ኤድስ ተብሎ ይቆጠር ጀመር፤ የሳንባ ቲቢ፣ የሚደጋገም የሳንባ ምችና የተዛመተ የማህፀን በር ካንሰርም ተጨመሩ። በዚያ ዓመት ሪፖርት የተደረገው የኤድስ ቁጥር ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያን ዓመት የወረርሽኙ ፍጥነት አልነበረም በእጥፍ ያደገው። በግራፍ ላይ ድንገተኛ ዝላይ የሚያይ ተርጓሚ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «መመዘኛው ተለውጦ ነበር ወይ?» ብሎ ነው።

አሁን «አዲስ»። አንድ መዝገብ አራት ቀን አለው፤ ቫይረሱ የያዘበት፣ በምርመራ የታወቀበት፣ ጤና ተቋሙ ሪፖርት ያደረገበትና ወደ መረጃ ቋቱ የገባበት። የመጀመሪያውን ማንም በትክክል አያውቀውም ማለት ይቻላል፤ በዓመት ስንት ሰው እንደተያዘ የሚነገረው ሁሉ በስሌት የተገመተ ነው። የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውና አራተኛው የሚዘገዩ ስለሆኑ የቅርቡ ዓመት ቁጥር ሁልጊዜ ያነሰ ይመስላል፤ ዘግይተው የሚደርሱት ሪፖርቶች ሲገቡ ይጨምራል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ «ቀነሰ» ብሎ ይጽፋል።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ስለ ግሦች አጠቃቀም ነው። «ተያዘ» ስለ ቫይረሱ መግባት የሚናገር ግሥ ነው፤ ስለ ምርመራ ሲሆን «በዓመቱ በኤችአይቪ አዲስ የተያዙ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ብዙዎች ታዲያ «የተገኘባቸው» ይላሉ። ትርጉሙ ትክክል ነው፣ ቃናው ግን ያስቸግራል፤ «ተገኘበት» በአማርኛ የተሰረቀ ዕቃ የተያዘበትን ሰው ያስታውሳል። «በዓመቱ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ መኖሩ በምርመራ የታወቀ ሰዎች» ይረዝማል፣ ግን ማንንም አይከስም፣ ቀኑንም አያሳስትም።

በነካ እጄ፦ ቅኝት፣ ክትትል፣ ቁጥጥር አይቀያየሩም። ቅኝት ሕዝብን በመረጃ ያለማቋረጥ መመልከት ነው። ክትትል የአንድ ታካሚ ነው። ቁጥጥር ደግሞ በሽታውን ለመግታት የሚወሰድ እርምጃ። «የኤችአይቪ ክትትል ሪፖርት» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወደ ሕክምና ክፍል ነው የሚልከው።

ከላብራቶሪ፦
መዝጋቢ «በምርመራ የታወቀበት» ያሉትን ላጥብቀው። «ሪአክቲቭ» (ምላሽ አሳየ) የአንድ ኪት፣ ማለትም የአንድ መመርመሪያ፣ መልስ ነው። «ፖዘቲቭ» ስለ ሰውየው የተሰጠ ውሳኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ የሚመክረው በሦስት የተለያዩ መመርመሪያዎች በተከታታይ ሪአክቲቭ ሲሆን ብቻ ፖዘቲቭ እንዲባል ነው። ሁለቱ ሪአክቲቭ ሆነው ሦስተኛው ካልሆነ ውጤቱ «አልተወሰነም» ተብሎ ሰውየው ከ14 ቀን በኋላ እንደገና ይመረመራል። «አልተወሰነም» ኬዝ አይደለም፤ ሪፖርት ውስጥ መግባት የለበትም።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ከ1000 ሰው 10ሩ ቫይረሱ ያለባቸው ይሁኑ። ኪቱ ቫይረሱ ከሌለባቸው መካከል 99 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል እንበል። ከቀሩት 990 ሰዎች ወደ 10 የሚሆኑት በስሕተት ሪአክቲቭ ይሆናሉ። ስለዚህ በአንድ ኪት ብቻ ቢወሰን ከሚመዘገቡት 20 ሰዎች ግማሹ ቫይረሱ የሌለባቸው ናቸው። ስርጭቱ ባነሰ ቁጥር ይህ ይብሳል።

«በቅርብ የተያዘ» የሚል ምርመራም አለ። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ከቫይረሱ ጋር የሚጣበቅበትን ጥንካሬ ይለካል፤ ላላ ካለ ሰውየው ባለፈው አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ተይዟል ያሰኛል። ችግሩ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ላላ ያለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የቫይረስ መጠን አብሮ ይለካል፤ በአንድ ሚሊሊትር ከ1000 ቅጂ በታች ከሆነ «በቅርብ» የሚለው ይሰረዛል። ይህ ስለ ሕዝብ ለመገመት ነው እንጂ ለአንድ ሰው «ዘንድሮ ነው የተያዝከው» ለማለት አይበቃም። ትዳር ውስጥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አስቡት።

መዝጋቢ፦
ወደ «ደረጃ 3» ልመለስ፤ ከሁሉም ይበልጥ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች አንድ ቃል ይጋራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ክሊኒካዊ ደረጃ ከ1 እስከ 4 ሲሆን በምልክትና በበሽታ ይወሰናል፤ ኤድስ የሚባለው 4ኛው ነው። የሲዲሲ የቅኝት ደረጃ ደግሞ ከ0 እስከ 3 ነው፤ በእሱ ኤድስ 3ኛው ነው። አንድ ሰው የሳንባ ቲቢ ያዘው እንበል፣ ሲዲፎሩ 400 ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ደረጃ 3 ነው፣ ኤድስ አይደለም። በሲዲሲም ደረጃ 3 ነው፣ ግን ኤድስ ነው። አንድ ታካሚ፣ አንድ ቁጥር፣ ተቃራኒ ትርጉም። መለኪያው በስሙ ካልተጠራ «ደረጃ 3» የሚለው መረጃ አይደለም።

የሲዲሲው መለኪያ በ2014 ሲሻሻል ሁለት ነገር መጣ። አንደኛው ደረጃ 0 ነው፤ ከመጀመሪያው ፖዘቲቭ ውጤት በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ነጋቲቭ ውጤት ያለው ሰው ሲዲፎሩ ምንም ቢሆን 0 ይባላል። ምክንያቱ ቫይረሱ ገና እንደገባ ሲዲፎር ለጊዜው በጣም ስለሚያሽቆለቁል ነው፤ በሳምንታት ዕድሜ ያለው ኢንፌክሽን ለዓመታት የቆየ ኤድስ መስሎ እንዳይመዘገብ ነው። ሁለተኛው የሲዲፎር ቁጥርና በመቶኛው (ሊምፎሳይት ከሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት መካከል ያለው ድርሻ) ሲጋጩ ቁጥሩ እንዲቀድም መደረጉ ነው፤ በመቶኛው የሚያገለግለው ቁጥሩ ከሌለ ብቻ ነው። 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ከ200 በታች ደረጃ 3 ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ500 በታች፣ ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ከ750 በታች። የአዋቂውን መስፈርት ለሕፃን የሚጠቀም መዝጋቢ በጠና የታመመ ልጅን ደህና ብሎ ይመዘግባል።

ቀይ እስክሪብቶ፦
አንድ የቋንቋ ወጥመድ ልጨምር። በአማርኛ «ደረጃው ከፍ አለ» ሹመት ነው። እዚህ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ሰውየው እየባሰበት ነው። «ወደ ደረጃ 3 አለፈ» ወይም «ደረጃ 3 ላይ ደረሰ» ይበቃል፤ «ከፍ አለ»ም «አደገ»ም አይስማሙም።

ተርጓሚዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ላክል፤ መድኃኒት ጀምሮ ሲዲፎሩ ወደ 600 የተመለሰ ሰው ከኤድስ ቁጥር ይወጣል?

መዝጋቢ፦
ከተጠራቀመው ቁጥር አይወጣም። አንድ ጊዜ መመዘኛውን አሟልቶ ተመዝግቧልና። ስለዚህ «እስካሁን በኤድስ የተመዘገቡ» እና «ዛሬ በጠና የታመሙ» በፍጹም አንድ አይደሉም። የአሁኑን የሕመም ጫና ለማወቅ የሚያስፈልገው ሌላ ቃል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «የተባባሰ የኤችአይቪ ሕመም» የሚለውን የሚጠቀመው ለዚህ ነው፤ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ሲዲፎር ከ200 በታች ወይም ክሊኒካዊ ደረጃ 3 ወይም 4 ማለት ነው።

የተመላላሽ ክፍል፦
«ተጓዳኝ በሽታ» ላይ፦ ቃሉ ድሮ በኤችአይቪ ዙሪያ ሲነገር የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የሚመጡትን ማለት ነበር። በኮቪድ ጊዜ ግን «ተጓዳኝ በሽታ ያለባቸው» ሲባል ስኳር፣ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ማለት ሆኖ በሕዝብ ጆሮ ገባ፤ አሁን የሚያሸንፈው ይህኛው ነው። ስለዚህ በቅኝት ጽሑፍ «ኤድስን የሚያመለክቱ በሽታዎች» ቢባል ይሻላል፤ ስኳርና ደም ግፊት እዚህ አይገቡም።

ዝርዝሩም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ። የአፍ ፈንገስ ኤድስን አያመለክትም፤ ወደ ምግብ ማውረጃ ቧንቧ የወረደው ግን ያመለክታል። «ፈንገስ» ብቻ ተጽፎ የመጣ ቅጽ መመለስ አለበት። ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢ በሁለቱም መለኪያ ኤድስ ነው፤ የሳንባው ግን ከላይ እንደተባለው ነው፣ ስለዚህ ቲቢው የት እንዳለ መጻፍ ግድ ነው። አልማዝ ባለጭራ በዓለም ጤና ድርጅት ደረጃ 2 ነው፤ ሰው ሲያየው ቢደነግጥም ኤድስ አያሰኝም።

የእናቶችና ሕፃናት ክፍል፦
ስለ ሕፃናት አንድ ቃል፤ «የተጋለጠ» እና «የተያዘ»። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል እስከ 18 ወር ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ዕድሜ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው ሪአክቲቭ ቢሆን የሚናገረው ስለ እናቱ ነው፤ ሕፃኑ «የተጋለጠ» ይባላል እንጂ ኬዝ አይደለም። «የተያዘ» ለመባል ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሆነው በወረቀት ላይ በደረቀ የደም ጠብታ ይሠራል። ውጤቱ ነጋቲቭ ቢሆንም ጡት እስከጠባ ድረስ «ነጻ» አይባልም፤ የመጨረሻው ውሳኔ 18 ወር ሲሞላው ወይም ጡት ካቆመ 3 ወር ሲያልፍ ነው፣ የትኛውም ቢዘገይ።

ተርጓሚዋ፦
«አንድን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ነበር። ሰው በሦስት ቦታ ቢመረመርስ?

መዝጋቢ፦
እዚህ የፊደል ነገር ይመጣል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ለኮምፒውተር አራት ሰዎች ናቸው። ከማነጻጸር በፊት ሀ፣ ሐና ኀ ከነራብዖቻቸው ወደ አንድ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። «ወ/ማርያም» ይዘረዘራል፤ «ወልደ ማርያም» እና «ወልደማርያም» ላይ ያለው ክፍተት ይወጣል። ከዚያ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ጾታ፣ የልደት ዓመትና የእናት ስም አብረው ይታያሉ። ዕድሜ ብቻውን አይታመንም፤ ሰው ዕድሜውን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ስለሚናገር 30 እና 40 ላይ ይከማቻል። ስልክም ይለወጣል።

ማሽኑ «ተመሳሳይ» ያላቸውን ሰው አይቶ ሳያረጋግጥ ማዋሐድ ግን አይገባም። ሁለት ሰዎች በስሕተት ሲዋሐዱ አንዱ ከመዝገብ ይጠፋል፣ የሌላው የላብራቶሪ ውጤትም ይደባለቅበታል፤ ይህ ሁለት ጊዜ ከመቁጠር የከፋ ነው። ቫይረሱ እንዳለባቸው እያወቁ እንደገና የሚመረመሩም ብዙ ናቸው፤ ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት ተነግሮዎት ያውቃል? መቼ?» የሚለው ባዶ ከቀረ «አዲስ» ሆነው ይገባሉ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እንግዲያው «ስም አልባ» እና «ምስጢራዊ» ይለዩልን፤ በየጽሑፉ ይደባለቃሉ።

መዝጋቢ፦
ስም አልባ ከሆነ ማንም፣ እኛም ጭምር፣ ወደ ሰውየው መመለስ አንችልም፤ ድግግሞሹንም ማጥፋት አይቻልም። ምስጢራዊ ማለት ማንነቱ ይታወቃል፣ ግን የሚያዩት የተፈቀደላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ስሙ በአንድ ቋት፣ የጤና መረጃው በሌላ፣ በኮድ ተያይዞ ይቀመጣል። በኬዝ ላይ የተመሠረተ ቅኝት ሁለተኛው ነው። ሰዎችን «ስም አልባ ነው» ብሎ ማግባባት እምነታቸውን መካድ ነው፤ ቅጹ ላይ ያለው ቃል እውነቱን መናገር አለበት።

ተርጓሚዋ፦
የመጨረሻ፤ «በኤድስ የሞቱ» የሚለው አምድ?

መዝጋቢ፦
ሁለት አምድ ነው መሆን ያለበት። «ኤችአይቪ እያለበት የሞተ» በማንኛውም ምክንያት ነው፤ መኪና የገጨውም እዚህ ይገባል፣ ምክንያቱም መዝገቡ መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ በሕይወት ያሉት ቁጥር እየተጋነነ ይሄዳል። «በኤችአይቪ ምክንያት የሞተ» የሚባለው ግን ለሞቱ መነሻ የሆነው ምክንያት በዓለም አቀፉ የበሽታዎች አመዳደብ 10ኛ ክለሳ ከቢ20 እስከ ቢ24 ባሉት ኮዶች ሲሰጥ ብቻ ነው። ከክትትል የጠፋ ሰው ደግሞ በሁለቱም አይገባም፤ ሞቱ እስኪረጋገጥ ድረስ «ሁኔታው ያልታወቀ» ተብሎ ይቆያል።