ሐረጎ ላይ ሞተሩ ፈላብኝ፤ ራዲያተር ልቀይር?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣሁ ሐረጎ ላይ ቆሜያለሁ። የሙቀት ቆጣሪው ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት እየወጣ ነው። እናቴና ልጆቼ አብረውኝ አሉ። ከዚህ በፊትም እዚሁ ዳገት ላይ ሞቆብኝ፣ መካኒኩ «ራዲያተሩ አልቆለታል፣ በአዲስ ቀይረው» ብሎኛል። ውሃ በጀሪካን ይዣለሁ። አሁኑኑ ልጨምርበት? ደሴስ ጥሩ ራዲያተር የት ነው የማገኘው?

እህት ከፒያሳ፦
የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካው! ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ታፍኖ ነው ያለው። አሁን ከከፈትከው ፊትህና እጅህ ላይ ይፈነዳል። ሞተሩን አጥፋ። ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ። እናትህንና ልጆቹን አውርደህ ከአስፋልቱ ራቅ አድርገህ በተራራው በኩል አስቀምጣቸው። እዚያ ኩርባ ላይ ከላይ የሚወርድ ከባድ መኪና ድንገት ነው የሚያገኝህ። ሶስት ማዕዘን ካለህ ራቅ አድርገህ አቁም፤ ከሌለህ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ጣል አድርግ።

ባለ አባዱላው፦
ክዳኑን ቀይር። ክዳን ነው።

የቦርከና ዳር፦
ማጥፋት ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ውሃው ባለበት ይፈላል። ኤሲውን አጥፍተህ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈተው፣ መስኮቶቹን አውርድ፣ ሞተሩ በዝግታ ይሥራ። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው። ከሞተሩ ሙቀት ይስባል።

እህት ከፒያሳ፦
ያ የሚሆነው ቆጣሪው ገና ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ነው። ይሄ ሰው እኮ እንፋሎት እየወጣ ነው ብሏል። ውሃው እያለቀ ያለ ሞተር አሥርተህ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቢጣመም ማን ይከፍልለታል? ያጥፋው።

የቦርከና ዳር፦
እሺ፣ እንፋሎቱን ዘልዬው ነው ያነበብኩት። ያጥፋ።

ሰኞ ገበያ፦
ሐረጎ ላይ ከቆምክማ ውሃው ፈልቶልሃል፤ የቀረህ ጀበናና ስኒ ነው። አይዞህ ወንድሜ፣ ያ ዳገት ያላስቆመው ሰው የለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ከመቆምህ በፊት ፋኑ ይዞር ነበር? ከፊት ድምፁ ይሰማል። መኪናዋስ ምንድን ናት? ቪትዝ ትሁን አይሱዙ አልነገርከንም።

መካኒክ ነኝ፦
አብሽር ወንድሜ። ራዲያተር ለመግዛት አትቸኩል። ሰው አዲስ ራዲያተር ገዝቶ ያንኑ አሮጌ ክዳን ሲገጥምበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ብሩ ወጣ፣ መኪናዋ ያው ዳገት ላይ ያው እንፋሎት።

ሐረጎ ለምን እንደሚያስቸግር ልንገርህ። ዳገቱ ብቻ አይደለም፣ ከፍታውም አለበት። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ድስት ብትጥድ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚህ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይንተከተካል። ብዙ ቶዮታ ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ላይ ነው። ጤነኛ ሞተር ራሱ ዳገት ሲወጣ 90ዎቹ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አስበው። ግፊት የማይይዝ ክዳን ካለህ፣ ሞተርህ ምንም ሳይበላሽ ውሃው ደሴ መግቢያ ላይ ሊፈላ ይችላል።

የክዳኑ ሥራ ውሃውን መክደን ብቻ አይመስልህ። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው፤ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሆነ ደህና ክዳን ደሴ ላይ ንጹሕ ውሃን እስከ 113፣ 114 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ግን ያ ሁሉ ይቀራል። አዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ከሚሴ ሜዳ ላይ ምንም የማትለው መኪና ሐረጎ ላይ የምትጮኸው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የላይኛውን ወፍራም የራዲያተር ቱቦ በጨርቅ ይዘህ ጨመቅ አድርገው። ጠንካራ ከሆነ ገና ግፊት አለው፣ ተወው። ሲለሰልስና እጅህን ሳያቃጥል ስትይዘው፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነህ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙር። ሽሽሽ ብሎ ይተንፍስ። ከዚያ ተጭነህ ክፈት።

ባለ አባዱላው፦
ክዳን ነው አልኳችሁ እኮ። ደግሞ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጣለው። የእኔን ካወጣሁት ቆይቻለሁ፣ ሰላም ነኝ።

መካኒክ ነኝ፦
በክዳኑ እንስማማለን፣ በቴርሞስታቱ አንስማማም። ቶዮታ ላይ ውሃው ሁለት መንገድ አለው፦ አንዱ በራዲያተር የሚሄድ፣ አንዱ ራዲያተሩን ዘልሎ ወደ ሞተር የሚመለስ። ብዙዎቹ ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ያቺን አቋራጭ ይዘጋታል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የፈላው ውሃ በከፊል ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ሜዳ ላይ አይታወቅህም። ዳገት ላይ ነው የሚታወቅህ። በደሴ የጠዋት ብርድ ደግሞ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፣ ነዳጅም ይበላል።

ከተጠራጠርከው አውጥተህ ድስት ውስጥ ቀቅለው። እዚህ ግን አንድ ነገር ልብ በል፦ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፤ ደሴ ላይ ድስትህ 92 አያልፍም። ግማሽ ተከፍቶ ብታየው «ሞቷል» ብለህ አትጣለው። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ወይም ቀዝቅዞም ተከፍቶ ከቀረ ያኔ ቀይረው።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ልጄ፣ መካኒኩ ጥሩ ነግሮሃል። እኔ የአነዳዱን ልንገርህ። ዳገት ላይ ተሳቢ ጅራት ስር ተጠግተህ አትውጣ። እሱ የሚተፋውን ትኩስ አየርና ጭስ ነው ራዲያተርህ የሚስበው። ራቅ በልለት። ሞተሩ በሶስተኛ እያቃሰተ ከሚወጣ ሁለተኛ አስገባና ቀለል ብሎት ይውጣ። የውሃ ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ነው። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲያቃስት ሸክሙ ከባድ ነው፣ ውሃው ግን በዝግታ ነው የሚዞረው። ያኔ ነው የሚፈላው። ዓይንህ ከመንገዱ ቀጥሎ ቆጣሪው ላይ ይሁን። መሃሉን አልፎ መውጣት ሲጀምር ኤሲ አጥፋ፣ ማሞቂያ ክፈት፣ ሰፊ ቦታ ስታገኝ ዳር ያዝ። ቀይ እስኪገባ አይጠበቅም።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ አላህ ይስጥልኝ። መኪናዋ ኮሮላ ናት፣ የድሮዋ። ማርሿ በእጅ ነው። ከስር ሲንጠባጠብ አላየሁም። ፋኑን ልብ አላልኩትም። ራዲያተር የት እንደሚገኝ ግን ማንም አልነገረኝም፤ መካኒኩ እርግጠኛ ሆኖ ነው የነገረኝ።

የቦርከና ዳር፦
በምን አየው? ራዲያተሩን አውርዶ ውሃ አሳልፎበት ነበር? የተደፈነ ራዲያተር በእጅ ይታወቃል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ፋኑ አለመዞሩን አይተህ፣ የራዲያተሩን ፊት እየተጠነቀቅክ ዳሰው። አንዱ ቦታ እሳት፣ ሌላው ቦታ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ቀዝቃዛው ተደፍኗል። ያንን ሳያይ «አልቆለታል» ካለህ በግምት ነው።

እና ደግሞ በውጭ በኩል ይታይ። ኤሲ ያለው መኪና ከራዲያተሩ ፊት ሌላ መረብ አለው። በሁለቱ መሃል አቧራ፣ ቅጠልና ትንኝ ተጠቅጥቆ ከፊት ሲያዩት አይታይም። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀላል ውሃ ይታጠባል። በኃይለኛ ግፊት ካጠቡት ስስ ክንፎቹ ይተኛሉ፤ ያኔ አየር አያልፍም።

ሰኞ ገበያ፦
የሚያንጠባጥብ ከሆነ እርድ ጨምርበት፣ ይደፍናል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እህት ከፒያሳ፦
ቀዳዳውንም ይደፍናል፣ ደህናውንም ይደፍናል። ራዲያተር ነው እንጂ አልጫ ወጥ አይደለም። ተው እባክህ፣ ሰውየው ጨንቆታል።

የጦሳ ልጅ፦
ቀዝቅዞ ክዳኑን ከፈትኩት። ላዩ ላይ 0.9 ይላል። የስሩ ላስቲክ ደርቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ በአንድ በኩል ቁራጭ የለውም። አንድ የገረመኝ ነገር፣ ጎን ያለው ትርፍ ውሃ መያዣ ፕላስቲክ እስከ አፉ ሞልቶ ፈስሷል፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሏል። ውሃው ቡናማ ነው፣ ዝገት ይመስላል። አሁን ምን ላድርግ?

መካኒክ ነኝ፦
ይሄ ራሱ መልስ ነው። ውሃው ሲሞቅ ይሰፋና ክዳኑን ገፍቶ ወደ ፕላስቲኩ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራዲያተሩ መልሶ ሊስበው ይገባል። ላስቲኩ ከተበላ ከውሃው ይልቅ አየር ይስባል። ለዚህ ነው ፕላስቲኩ ሞልቶ ራዲያተሩ የጎደለው። በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እየጎደለብህ ቆይቷል ማለት ነው።

አሁን ሞተሩን አስነሳ። ውሃውን በቀጭኑ፣ ቀስ እያልክ ጨምር። ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ አትድፋበት፤ ትኩስ ቴስታታ ላይ ካረፈ ይሰነጥቀዋል። ስትጨምር አፉን ተመልከት። መጀመሪያ አየር ብቅ ብቅ ይላል፣ ያ ጤና ነው። ውሃው ሞልቶም አረፋው ሳያቋርጥ ከተፍለቀለቀ፣ ወይም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አልቆም ካለ፣ ወይም የዘይቱ መለኪያ ላይ ወተት ያለው ቡና የመሰለ ነገር ካየህ፣ የቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ሳይሄድ አልቀረም። ያኔ አትንዳ፣ አስጎትታት።

ይሄ ከሌለ ኤሲውን አብራ። ፋኑ አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዝና ሪሌ ተመልከት። ብዙዎቹ የድሮ ኮሮላዎች ላይ ራዲያተሩ አካባቢ ያለችውን የፋን ስዊች ሶኬት ስትነቅላት ፋኑ ያለማቋረጥ ይዞራል። ለመንገድ ይበቃሃል።

ባለ አባዱላው፦
ወደ ኮምቦልቻ ይመለስ። ቁልቁለት ነው፣ ፎሌ አድርጎ ሞተሩን አጥፍቶ ይንከባለል፣ ቀዝቅዞ ይደርሳል።

ጡረተኛው ሹፌር፦
እንዳታደርገው ልጄ! ሐረጎን በጠፋ ሞተር አይወርዱትም። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ በጥቂት ርግጫ ያልቃል፣ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብድሃል። መመለሱ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ሞተሩ ይሥራ፣ ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ በሁለተኛ ቀስ እያልክ ውረድ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ስለማይለፋ አይሞቅም።

እህት ከፒያሳ፦
እናትህንና ልጆቹን በሚያልፍ ሚኒባስ ወደ ደሴ ስደዳቸው። ፀሐይ ላይ አታቆያቸው። አንተ ብቻህን ስትሆን ልብህም ይረጋጋል።

የጦሳ ልጅ፦
ፋኑ ዞሯል። አረፋው ቆሟል። ሚኒባስ እያስቆምኩ ነው፣ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ነው።

መካኒክ ነኝ፦
መልካም። ክዳኑን ይዘህ ሂድና አስተያይተህ ግዛ። 0.9 ከሆነ 0.9 ግዛ። «1.1 ይሻላል» የሚልህ ካለ እምቢ በል፤ ያረጁ ቱቦዎችህና ራዲያተሩ ያንን ግፊት ላይችሉት ይችላሉ። ላስቲኩን በጥፍርህ ጫን ብለህ እይ፣ ለስላሳ መሆን አለበት። ከመሃል ያለችውን ትንሽ ክብ ሳብ አድርገህ ልቀቃት፤ ተመልሳ ጥብቅ ካላለች ሌላ አምጣ በለው።

ከዚያ በኋላ ያንን ቡናማ ውሃ አስወግድ። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አጥበህ፣ ኩላንት ከንጹሕ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሙላ። ሰዎች «እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ይሠራል?» ይላሉ። ዝገት ይከለክላል፣ የመፍሊያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ግን ማንቆርቆሪያ ታች የሚጋገረውን ነጭ ነገር ነው ራዲያተሩ ውስጥ የሚተወው። ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከሞቀ፣ ያኔ ራዲያተሩ ወርዶ ይታያል። ያኔ መካኒክህም እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ባለ አባዱላው፦
ክዳን።

እህት ከፒያሳ፦
የጦሳ ልጅ፣ ኮምቦልቻ ገባህ? ስትደርስ አንድ ቃል ጻፍልን።

የባቲ መንገድ፦
ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅ። የእኔ አባዱላ ሐረጎን ስትወጣ ደህና ናት። ወደ ባቲ ወርጄ ቆላው ውስጥ ተሳፋሪ ለመጫን ስቆም ግን ሙቀቷ ይወጣል፤ ስነዳት ይወርዳል። ክዳኗ አዲስ ነው።

መካኒክ ነኝ፦
ስትቆም ወጥቶ ስትሄድ ከወረደ አየር ነው የጎደላት። የአንተ ፋን በኤሌክትሪክ አይደለም፣ በቺንጋ ነው የሚዞረው፤ መሃሉ ላይ ሲሞቅ የሚጠብቅ የፋን ክላች አለው። መጀመሪያ ቺንጋው አለመላላቱን እይ። ከዚያ ሞተሩ ሙቅ እያለ አጥፍተህ፣ ቁልፉን ነቅለህ፣ ፋኑን በእጅህ አዙረው። ክብድ ካለህ ደህና ነው። እንደ ልቡ ከተሽከረከረ፣ ወይም መሃሉ ላይ ዘይት ከረጨ፣ ክላቹ አልቋል። እዚያው ባቲ ላይ ሞቃ እያለች ሞክረው፤ ደሴ ጠዋት በብርድ ብትሞክረው አይነግርህም።