ከእናቴ ጋር ሰሙነ ሕማማትን በግሪክ አገር በፍጥሞ ደሴት ስለ ማሳለፍ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ዕድሜዋ ስድሳ ስምንት ነው። ጻድቃኔ ማርያምን በየዓመቱ ስትሳለም ኖራ፣ አሁን «ዮሐንስ አቡቀለምሲስ ራእዩን ያየባትን ፍጥሞን ሳላያት አታስቀብሩኝ» ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ለ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ዕረፍት ወስደን ልናሳያት አስበናል። በዓሉ ለእኛም ለግሪኮችም ሚያዝያ 24 እንደሚውል አረጋግጫለሁ። ባለቤቴ ከሄድን አይቀር ሳንቶሪኒንና ሮድስንም እንይ ትላለች፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ የእናቴ ጉልበት መታመሙ፣ መርከብ ተሳፍራ አለማወቋና በጾም ዓሣ የማትቀምስ መሆኗ ነው። ደሴቱ ላይ ስንት ቀን ብንቆይ ይሻላል? በየትኛው መንገድስ እንድረስ?

መልስ (የአንኮበር ተወላጅ፣ ከአቴንስ)

ወንድሜ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ምክሬም ሳምንቱን ሙሉ ለፍጥሞ ይስጡ ነው። ሳንቶሪኒ በሌላ የመርከብ መስመር ላይ ያለች፣ ከወደቧ እስከ ከተማዋ ገደል የሚወጣባት ደሴት ስለሆነች ለእናትዎ ጉልበት አትሆንም። ሮድስ ግን በዚያው በኩል ስላለች፣ ከፋሲካ በኋላ ቀን ከተረፈዎት በግንብ የተከበበችውን አሮጌ ከተማ ማየት ትችላላችሁ።

ፍጥሞ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ የሚነሣው መርከብ ስምንት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሌሊት ነው፤ በእሱ ከሄዳችሁ ወንበር ሳይሆን አልጋ ያለው ክፍል ይያዙላቸው። እኔ ብሆን ግን እስከ ኮስ ደሴት በአውሮፕላን ሄጄ ቀሪውን አጭር መንገድ በመርከብ እጨርሰዋለሁ።

ከማክሰኞ ሳታልፉ ድረሱ። በጸሎተ ሐሙስ፣ እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አበምኔት፣ ሖራ በምትባለው በላይኛዋ ከተማ አደባባይ በሕዝብ ፊት የዐሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር ያጥባሉ። የእኛን ሕፅበተ እግር ለሚያውቁ እናት ይህ ያለ አስተርጓሚ የሚገባ ሥርዓት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ከወደቡ ወደ ሖራ በሚወጣው መንገድ መካከል ይገኛል። አውቶቡስ ያደርሳል፤ ከበሩ በኋላ ግን ቁልቁል የሚወርድ ደረጃ ስላለ ክንዳቸውን ይያዙላቸው። ቅዱሱ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው የዐለት ጎድጓዳ ዙሪያው ብር ተለብጧል፤ ከላይ ያለውን ሦስት ቦታ የተሰነጠቀ ዐለትም የሥላሴ ምሳሌ ነው ይሉታል። እኔ በማለዳ ስገባ ከሁለት ባልቴቶች በቀር ሰው አልነበረም፤ አንደኛዋ ጧፌን ከራሷ ጧፍ ለኩሳ ሰጠችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀዳም ሥዑር ዕለት ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ስለሆነ የመርከብ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ነፋስ ሲበረታም መርከቦች እንዳይነሡ ይከለከላሉ። ስለዚህ በመርከቡና ወደ አገር ቤት በሚመልሳችሁ በረራ መካከል ሁለት ቀን ይተዉ።

መልስ (ዲያቆን፣ ከደብረ ሲና)

ስለ ጾሙ አይጨነቁ፤ ምግብ ቤት ገብተው «ኒስቲሲማ» ካሉ የጾም ምግብ ያቀርቡላችኋል። ሆኖም ግሪኮች ደም የለውም በማለት ሽሪምፕና ኦክቶፐስ በጾም ስለሚበሉ፣ ከባሕር የወጣ ነገር እንደማትፈልጉ ለይተው ይንገሯቸው። ፋሶላዳ የተባለው የቦሎቄ ሾርባ ለእናታችን ይስማማቸዋል፤ ለመርከቡ ደግሞ በሶና ቆሎ ይያዙላቸው።

ከዚህ የሚከብደው የቁርባን ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከግሪኮቹ ጋር በቁርባን አንድ ስላልሆነች፣ እናትዎ መሳለምና ሥርዓቱን መከታተል እንጂ መቁረብ አይችሉም። እዚያ ደርሰው በፋሲካ ሌሊት እንዳያዝኑ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

የሼንገን (ግሪክን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ስለሚቀርብ በጥቅምት መጨረሻ ይጀምሩ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ፓስፖርቱም ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ መሆኑን እያንዳንዱን መስመር አንብበው ያረጋግጡ። እኅቴ አንድ የጉዞ ወኪል ለአንድ አገር ብቻ የሚሠራ መድን ሸጦላት ቪዛ ተከልክላለች፤ ቀድማ የገዛችው ትኬትም ገንዘቡ አልተመለሰላትም። እናንተ ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አትግዙ፤ ቦታ ብቻ አስይዙ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳንቶሪኒን ትተነዋል፤ በኮስ በኩል እንሄዳለን። የቁርባኑን ነገር ለእናቴ ነገ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷ ባሉበት እነግራታለሁ።