ኖራው ውሃ ሲነካው ለምን ፈላ?

ጠያቂ (ደሴ)
ግድግዳ ላነጣ ብዬ ገና ድንጋይነቱ ያልለቀቀ ኖራ ገዛሁ። በፕላስቲክ ባልዲ አድርጌ ሁለት ጆግ ውሃ ቸለስኩበት። መጀመሪያ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ድንጋዩ ይሰነጣጠቅ ጀመር፤ ከዚያ እንደ ገንፎ ተንተከተከ፣ ጓሮው በእንፋሎት ተሸፈነ። ባልዲው ተጣሞ ቀረ። ክብሪት እንኳ አልጫርኩም፤ ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ? ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ። የቀረውንስ ኖራ እንዴት ውሃ ላጠጣው?

መምህር (ወልዲያ)
እሳቱማ ነበረ፤ የነደደው ግን እርስዎ ጓሮ ሳይሆን እቶኑ ውስጥ ነው። የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ወደ 900 ዲግሪ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ይህ ለውጥ በአንድ ሞል (ኬሚስቶች የንጥረ ነገርን መጠን የሚለኩበት አሃድ ነው) 178 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይበላል። እርስዎ የገዙት ሙቀት ተበድሮ የወጣ ድንጋይ ነው። ውሃ ሲያገኝ 65 ያህሉን ይመልሳል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ኖራ ሲሰላ ከ3 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል፤ ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ውሃው ሲያንስ ድንጋዩ ከፈላ ውሃም በላይ ይግላል፤ ባልዲዎን የጎዳው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ለልጅዎ፦ ቦንድ፣ ማለትም አቶሞችን የሚያያይዘው ትስስር፣ ሲበጠስ ኃይል ይወስዳል፣ ሲፈጠር ይሰጣል። የተሰጠው ከተወሰደው ሲበልጥ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሲበጠስ ኃይል ይወጣል የሚል ተማሪ በየዓመቱ አያጣኝም።

ሌላ ጠያቂ (ሐይቅ ከተማ)
ሁልጊዜ ይሞቃል እንዴ? ዩሪያ ስናሟሟ እኮ ጣሳው እጅ ያቀዘቅዛል።

መምህር (ወልዲያ)
ልክ ነህ፤ ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀቱን ከውሃው ይወስዳል። መሟሟት ብቻ ስለሆነ ኬሚካዊ ለውጥ አንለውም፤ አቅጣጫው ግን የኖራው ተቃራኒ ነው።

ግንበኛ (ኮምቦልቻ)
ስሌቱን ለመምህሩ ትቻለሁ። ወንድሜ፣ ስህተትህ ውሃውን ኖራው ላይ መድፋትህ ነው። የብረት በርሜል እስከ ግማሽ ውሃ ሙላ፣ ኖራውን ጥቂት በጥቂት ጨምር፣ በረጅም እንጨት አማስል። መነጽርና ጓንት አድርግ፣ ፊትህን ከበርሜሉ አፍ አርቅ። ዓይንህ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግመህ ታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጥ። ኖራን ሎሚ ያበርደዋል የሚሉህን አትስማ።

ጠያቂ (ደሴ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ደግሞ «178 ተበድሮ 65 ከመለሰ 113ቱ የት ገባ?» አለች።

መምህር (ወልዲያ)
ጎበዝ ልጅ! ግድግዳው ላይ ነው። የተቀባው ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ሲሆን ቀሪውን 113 ያወጣል። በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ ግን እጅዎን ቢያሳርፉበት አይታወቅዎትም።

ግንበኛ (ኮምቦልቻ)
እኛም ለዚህ ነው አየር እንዳያገኘው ውሃ ከላዩ የማናጎድልበት፤ አለዚያ በርሜሉ ውስጥ ይጠጥራል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ክደነውና ድንጋይ ጫንበት፣ ልጆች እንዳይከፍቱት።