የቤነዲክት፣ የአዮዲንና የባይዩሬት ፍተሻ ከመጽሐፉ የተለየ ቀለም ሲያሳይ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ቤተሙከራ_12

ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪዎች ካርቦሃይድሬትን፣ ፕሮቲንንና ቅባትን በቀለም እንዲለዩ የሚያስችል ልምምድ እያዘጋጀን ነው። ናሙናዎቹ የግሉኮስ፣ የሱክሮስና የስታርች ሶሉሽን፣ በውሃ የቀጠነ የእንቁላል ነጭና የምግብ ዘይት ናቸው። ስኳርን በቤነዲክት፣ ስታርችን በአዮዲን፣ ፕሮቲንን በባይዩሬት እንፈትሻለን። ግሉኮሱና ዘይቱ እንደተጠበቀው ሆነዋል፤ ሌሎቹ ግን አስቸግረዋል።

ሱክሮስ ከቤነዲክት ጋር ሲሞቅ ሰማያዊ ሆኖ መቅረት ሲገባው ወደ አረንጓዴ ሄደ። በአሲድ ካፈላነው በኋላ ደግሞ የጡብ ቀይ መሆን ሲገባው ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ስታርቹ ላይ አዮዲን ስንጨምር የአዮዲኑ ቢጫ ቀለም አልተለወጠም። የእንቁላሉ ነጭ በባይዩሬት ወይን ጠጅ መሆን ሲገባው ብጥስጣሽ ያለበት ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። ስህተቱ የት ላይ ነው? ተማሪዎች «ቀለሙ ሞለኪውሉ በሰውነት ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለው ቢጠይቁስ ምን ይመለስላቸዋል?

መልስ 1፦ ስኳር_እና_ሰንሰለት

ከሱክሮሱ ልጀምር። የገጠማችሁ ችግር ሁለት ነው፤ ምንጫቸውም ይለያያል።

ቤነዲክት ስኳርን በጥቅሉ አይለይም። የሚለየው ኤሌክትሮን መስጠት የሚችል ነጻ የአልዲሃይድ ጫፍ ነው። ግሉኮስ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀለበት ሆኖ ይቀመጣል፤ በአንድ ቅጽበት ተከፍቶ የሚገኘው ከ1 በመቶ በታች ነው። የተከፈተው ቤነዲክት ውስጥ ካለው መዳብ ጋር ተገናኝቶ ሲያልቅ ግን ሌሎች ቀለበቶች እየተከፈቱ ይተኩታል። መዳቡ ኤሌክትሮን ሲቀበል ቀይ ኮፐር ኦክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። በሱክሮስ ውስጥ ግን የግሉኮሱና የፍሩክቶሱ ቀለበቶች ሊከፈቱ የሚችሉባቸው ካርቦኖች እርስ በርስ ስለተያያዙ የሚከፈት ነገር የለም። ፍሩክቶስ ብቻውን ሲሆን አልዲሃይድ ባይኖረውም ይሠራል፤ የቤነዲክት ቤዛዊነት ከፊሉን ወደ ግሉኮስና ማኖስ ወደተባለ ሌላ ስኳር ይለውጠዋል።

ስለዚህ አረንጓዴ ካያችሁ ቱቦው ውስጥ ነጻ ስኳር ገብቷል። መጀመሪያ ድሮፐሩን ጠርጥሩ፤ ግሉኮስ የነካ ድሮፐር ተመልሶ ሱክሮስ ውስጥ ከገባ ይበቃል። ቀጥሎ የሶሉሽኑን ዕድሜ ተመልከቱ፤ በክፍል ሙቀት ቀናት የቆየ የሱክሮስ ሶሉሽን ውስጥ እርሾና ባክቴሪያ ይራባሉ፤ ኢንዛይማቸውም ትስስሩን ይበጥሰዋል። 1 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አሟሙና በዕለቱ ተጠቀሙ። ውሃና ቤነዲክት ብቻ የያዘ ቱቦም ከጎን ይሙቅ። እሱም ከተለወጠ ጥፋቱ የቱቦዎቹ ወይም የቤነዲክቱ ነው።

የአሲዱን ደረጃ በተመለከተ የዘለላችሁት አሲዱን በቤዝ ማካካሱን ይመስለኛል። 2 ሚሊ ሊትር ሱክሮስ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሩ፤ የፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆዩና አቀዝቅዙ። ከዚያ ሶዲየም ባይካርቦኔት በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ አንዴ ከተጨመረ ገንፍሎ ይፈስሳል። አረፋው ሲቆም በፒኤች ወረቀት አረጋግጡ፤ 7 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ቤነዲክት የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ 2 ሚሊ ሊትር ጨምሩና ሌላ 5 ደቂቃ አሙቁ። መዳቡ ኤሌክትሮን የሚቀበለው በቤዛዊ ሶሉሽን ውስጥ ነው፤ የተረፈው አሲድ የቤነዲክቱን ሶዲየም ካርቦኔት ከበላው ስኳሩ ቢኖርም ቀይ አታዩም። የእናንተ ፈዛዛ ሰማያዊ የመጣው ከዚህ ነው።

ለተማሪዎቹ ጥያቄ ከዚሁ ከአልዲሃይዱ የተሻለ መልስ አላገኝም። በደም ውስጥ ያለ ግሉኮስ ኢንዛይም ሳያስፈልገው በዚያው ጫፍ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። የስኳር ሕመምተኞች ያለፉትን 2 እስከ 3 ወራት የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ የሚለካው ይህንኑ የተጣበቀውን ነው። ተክሎች ደግሞ ከቅጠል ወደ ሥር የሚልኩት በአብዛኛው ሱክሮስን ነው፤ ንቁው ጫፍ ስለታሰረ በመንገድ ላይ ከፕሮቲን ጋር አይጣበቅም።

መልስ 2፦ ፔፕታይድ

የባይዩሬቱ መልስ አጭር ነው፤ መዳብ አብዝታችኋል። ብጥስጣሹ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ጋር የተገናኘ ትርፍ መዳብ፣ ማለትም ኮፐር ሃይድሮክሳይድ ነው። ሰማያዊነቱ ወይን ጠጁን ይሸፍነዋል።

2 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ 2 ሚሊ ሊትር ባለ 10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከዚያ ባለ 1 በመቶ ኮፐር ሰልፌት ጠብታ በጠብታ። ከእያንዳንዱ ጠብታ በኋላ ቱቦውን አወዛውዙ፤ ከ3 እስከ 5 ጠብታ ይበቃል። አይሞቅም። ሃይድሮክሳይዱ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል መነጽር የግድ ነው።

የእንቁላሉን ነጭ 1 እጅ ለ5 እጅ ውሃ አድርጉና ቁንጥር ጨው ጨምሩበት። ጨው በሌለበት ውሃ ሲቀጥን ከፕሮቲኖቹ አንዳንዶቹ ይዘቅጣሉና የናሙናው ጥራት ይደፈርሳል። በጨርቅ ብታጠሉት ይበልጥ ይጠራል።

መዳቡ የሚያያዘው አሚኖ አሲዶችን እርስ በርስ ከሚያገናኘው ከፔፕታይድ ትስስር ናይትሮጅኖች ጋር ነው፤ ቢያንስ ሁለት ትስስር ይፈልጋል። ስለዚህ ነጻ አሚኖ አሲድ በባይዩሬት «ፕሮቲን የለም» ያሰኛል፤ ለእሱ ኒንሃይድሪን የተባለ ሌላ መፈተሻ ያስፈልጋል። የእንቁላል ነጭ ሲፈላ ቢረጋም በባይዩሬት ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ሙቀት የሚያፈርሰው የሰንሰለቱን እጥፋት እንጂ የፔፕታይዱን ትስስር አይደለም። ኢንዛይም ግን የሚሠራው በእጥፋቱ ቅርጽ ነውና ሲሞቅ ሥራውን ያቆማል። ይህንን ሳያዩ «ፕሮቲኑ ጠፋ» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ቢነገራቸው ጥሩ ነው።

ቤተሙከራ_12

እጅግ አመሰግናለሁ። የባይዩሬቱን በ4 ጠብታ ደገምነው፤ ጥርት ያለ ወይን ጠጅ ወጣ። ስታርቹ ግን ከቢከሩ በትኩሱ እየተቀዳ ነበር፤ ከዚህ ጋር ይያያዝ ይሆን? የእንቁላሉን ነጭ በቤነዲክት ስናሞቅ ሐምራዊ ነገር ማየታችንስ ምንድን ነው?

መልስ 3፦ አሚሎስ

አዎ፣ ትኩስነቱ ነው። አሚሎስ የተባለው የስታርች ክፍል እንደ ጥቅልል ይጠማዘዛል፤ በአንድ ዙር 6 ገደማ ግሉኮሶች አሉ። አዮዲኑ ከፖታሲየም አዮዳይድ ጋር ሆኖ በጥቅልሉ ክፍተት ውስጥ ሲደረደር ጥቁር ሰማያዊ ይታያል። ትኩስ ሲሆን ጥቅልሉ ይላላና አዮዲኑ ይወጣል። ያንኑ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጡት ቀለሙ ይመጣል፤ ተማሪዎች ፊት አሳዩት፤ ከየትኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ሲቀዘቅዝም ካልመጣ ቱቦው ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀርቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ቤዝ አዮዲንን ይበላል።

ሶሉሽኑን ስትሠሩ 1 ግራም ስታርች መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ አቡኩ፤ ከዚያ እያማሰላችሁ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። ዱቄቱ በቀጥታ ፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል።

ሴሉሎስም ከግሉኮስ የተሠራ ነው፤ በአዮዲን ግን ሰማያዊ አይሆንም። ግሉኮሶቹን የሚያያይዘው ትስስር ቤታ የተባለው ዓይነት ስለሆነ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል እንጂ አይጠማዘዝም። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች በሃይድሮጅን ትስስር ጎን ለጎን ተያይዘው የተክል ሴል ግድግዳን ያጠነክራሉ። የስታርች ትስስር፣ አልፋ የተባለው ዓይነት፣ ግን በአሚሌስ ኢንዛይም በቀላሉ ይቆረጣል፤ ለማከማቻነት የተመረጠውም ለዚህ ነው። በእንስሳት ሰውነት የሚከማቸው ግላይኮጅን ቅርንጫፉ ስለሚበዛና ጥቅልሎቹ አጫጭር ስለሆኑ በአዮዲን ቀላ ያለ ቡናማ ይሆናል፤ ብዙ ጫፎች ስላሉት ደግሞ ጡንቻ ሲያስፈልገው ከብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ግሉኮስ ያገኛል።

ያያችሁት ሐምራዊ ስህተት አይደለም። ቤነዲክት መዳብም ቤዝም ስላለው ፕሮቲን ሲያገኝ የባይዩሬትን ሥራ ይሠራል። «ስኳር አለ» ብላችሁ አትመዝግቡት፤ ለስኳር የሚቆጠረው ከአረንጓዴ እስከ ጡብ ቀይ ያለው ነው።

ዘይቱ እንደተጠበቀው ስለወጣ ላልፈው ነበር፤ ሆኖም በኢታኖል ስትፈትሹ ቱቦው ፍጹም ደረቅ ይሁን። ዘይት መጀመሪያ በኢታኖሉ ካልሟሟ ውሃ ስትጨምሩ ወተት የመሰለው ድፍርስ አይወጣም። ኢታኖል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ለቤነዲክት ውሃ የሚያፈላው ነበልባል ከመጥፋቱ በፊት ጠርሙሱ አይከፈት።