«ባከነ እንጂ አልተሰረቀም» ሲባል

የከዚራ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ ስለ ሽምግልና ሲወያዩ የሰማችሁ አላችሁ? አንድ አባት «የዘመድ ገንዘብ ባከነ ይባላል እንጂ ተሰረቀ አይባልም፤ ወንድምን ፍርድ ቤት ማቆም ነውር ነው» ብለው ደመደሙ። ጠያቂውም ዝም ብሎ አለፈ። በጣም ነው ያናደደኝ። ከድሬዳዋ ወጥቶ ጅዳና ጅቡቲ ላቡን አንጠፍጥፎ ለወንድሙ የሚልክ ስንት ሰው አለ? ባጃጅ ግዛልኝ፣ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያዝልኝ፣ የባንክ አክሲዮን ግዛልኝ ይላል። ሲመለስ ሊብሬው በወንድም ስም፣ የሱቁ ውል በወንድም ሚስት ስም። ይሄ ነው ባከነ?

ጁገል በር፦
ልጄ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን የተናገሩት ቃል ባዶ አይደለም፤ ሕጉም ይለየዋል። ተወካይ ገንዘቡን ለታዘዘበት ሥራ አውሎት ሱቁ ቢከስር፣ ስለከሰረ ብቻ አይጠየቅም። ጥፋቱ መታየት አለበት። ያ ባከነ ነው። ለራሱ ካደረገው ሌላ ነገር ነው። ሁሉንም በአንድ አፍ ሌባ ማለት እሱ ነው ነውሩ።

የቀፊራዋ፦
ጋሼ፣ «ለታዘዘበት ሥራ» ያሉት ላይ እንቁም። ማን አዘዘው? በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ማከራየት። ቁጥር 2205 ደግሞ ልዩ ውክልና የሌለው ሰው ቤት መሸጥም ማስያዝም፣ ስጦታ መስጠትም፣ ዋና ገንዘብ ንግድ ውስጥ ማስገባትም አይችልም ይላል። ባለ ጠቅላላ ውክልናው ወንድም ከባንክ አውጥቶ «ለአንተው ብዬ ጫት ንግድ ውስጥ ከተትኩት፣ ከሰረ» ቢል አያድነውም። ከሥልጣኑ የወጣው ገና ገንዘቡን ሲያወጣ ነው፤ ኪሳራው በኋላ የመጣ ነው።

ጁገል በር፦
2204ን በግማሹ አነበብሽው። እዚያው ውስጥ ከንብረቱ የሚገኝን ገቢ ሥራ ላይ ማዋል የአስተዳደር ሥራ ነው ተብሏል። የሱቁን ኪራይ ሰብስቦ ሌላ ዕቃ ቢገዛበት መብቱ ነው።

የቀፊራዋ፦
ገቢውን፣ አዎ። ዋናውን ግን አይደለም። የምንጣላውም ስለዋናው ነው። ከጅዳ የተላከው ገንዘብ ኪራይ አይደለም፣ ዋናው ራሱ ነው። የትኛው ዋና፣ የትኛው ገቢ እንደሆነ የሚለየው ደግሞ የባንክ ስቴትመንት ነው። ስለዚህ ክስ ከመጻፉ በፊት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ስቴትመንት አውጥቶ መስመር በመስመር መለየት ያስፈልጋል።

ሳቢያን፦
ሁለታችሁም ወረቀቱን ሳታዩ ነው የምትከራከሩት። ውልና ማስረጃ የሚጻፈው ውክልና አብዛኛውን ጊዜ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ ገንዘብ ማውጣት፣ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ» የሚሉትን በአንድ ትንፋሽ ይደረድራል። ኤምባሲ ሄዶ የሚፈርመውም ሰው ሳያነብ ይፈርማል። እንዲህ ከሆነ የ2205 ክርክር አለቀለት፤ የተዘረዘረውን ሥልጣን ራሱ ሰጥቶታልና። የሚቀረው የተወካይ ግዴታ ነው። በ2208 ፍጹም ቅን መሆን አለበት። በ2209 ለወካዩ ጥቅም ብቻ መሥራት፣ ሳያሳውቅ ለራሱ አለማትረፍ። ሒሳብ ሲጠየቅም ማቅረብ። አክሲዮኑን ለሚስቱ በርካሽ ሸጦት ከሆነ ደግሞ 2187 አለ። የጥቅም ግጭት መኖሩን ገዢው ካወቀ፣ ወይም ማወቅ ከነበረበት፣ ወካዩ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። ሚስት አላወቅኩም ብትል ማን ያምናታል?

ለገሃሬ፦
ውክልናም ሳይኖር በስልክ ብቻ «ግዛልኝ» ተብሎ የተላከውስ? አብዛኛው እኮ እሱ ነው። እዚህ ላይ ሰዎች ራሳቸውን የሚጎዱት ክሱን «አበደርኩት» ብለው ሲጽፉ ነው። በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ተከሳሹ ራሱ ሲያምን ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ መሐላ ብቻ ነው። ምስክር አይሰማም። የአደራ ሥራ ከሆነ አደራ በሉት። የባንክ ደረሰኝ ገንዘቡ መድረሱን እንጂ ለምን እንደተላከ አይናገርም፤ ተከሳሹ «ስጦታ ነው፣ ለእናታችን መጦሪያ ነው» ይላል። «ባጃጁን ገዛሁልህ፣ ታርጋው ወጣ» ያለበት የድምፅ መልእክት ካለ ወርቅ ማለት ነው፤ ስልክ ሲቀየር እንዳይጠፋ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት። ከባንክ ውጭ በሐዋላ ሰው በኩል የላከ ደግሞ ደረሰኝም የለው፣ ፍርድ ቤት ሲናገርም በራሱ ላይ ነው የሚናገረው።

የከዚራ ልጅ፦
ቤት ከሆነስ? ካርታው በወንድም ስም የወጣ።

ሳቢያን፦
እሱ ከባዱ ነው። በ1195 ካርታ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱን ማፍረሻውም በ1196 ጠባብ ነው። «ቤቱ የኔ ነው» ብሎ ከመክሰስ «ገንዘቤን መልስ» ብሎ መክሰስ ይቀላል፤ በሕጉ 9 በመቶ የዓመት ወለድም ይጠየቃል።

ጁገል በር፦
እኔ ሕግ የለም አላልኩም። በሽምግልና ይጀመር ነው ያልኩት። በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ አንድ እናት የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው።

የቀፊራዋ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ «ይጀመር» ላይ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀጠሮ ተይዞ፣ ለጫት በርጫ ተቀምጦ፣ ሌላ ቀጠሮ እስኪያዝ ድረስ ባጃጁ ተሸጧል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ሳይናገሩ ውክልናውን መሻር። የመሻሪያውን ቅጂ ባንኩ ዘንድ፣ የአክሲዮን ክፍሉ ዘንድ፣ ቤት ካለም መሬት አስተዳደር ዘንድ አስገብቶ ማኅተም ማስመታት። ይህን ያልሠራ ሰው ውክልናውን ሽሮም፣ መሻሩን ላልሰማ ሦስተኛ ወገን ሊጠየቅ ይችላል። ከዚያ ሒሳብ አቅርብ የሚል ደብዳቤ፣ ቀን ተቆርጦለት። ንብረት ሊሸሽ ነው የሚል ምልክት ካለ ክስና የእግድ አቤቱታ በአንድ ቀን፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ 154 እግድ፣ 151 ከፍርድ በፊት ማስከበር፣ ከቃለ መሐላ ጋር። እግዱ ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ያኔ ማንም አይሸጥም።

ጁገል በር፦
ወንድም በእግድ ወረቀት ተጠርቶ ምን ዕርቅ አለ?

የከዚራ ልጅ፦
ወንድምየው መጀመሪያ ሊብሬውን በስሙ ሲያስወጣ ጠቡን እሱ አልጀመረውም?

ገንደ ቆሬ፦
አቦ፣ ፖሊስ ጋ መሄድስ? የወንጀል ሕጉ 675 እምነት ማጉደልን ይቀጣል።

ለገሃሬ፦
ይቀጣል፤ ግን አደራ የተሰጠውን ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ጥቅም ማዋሉ፣ አስቦም ማድረጉ መረጋገጥ አለበት። ዝም ብሎ «ገንዘቤን በላ» ብሎ ለሄደ ሰው መልሱ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ነው። የ«ባከነ» እና የ«ተሰረቀ» ልዩነት የሚሠራው እዚህ ነው። የሬዲዮው አባት ግን በማስረጃ የሚለየውን ነገር በዝምድና ለዩት። ስህተታቸው እሱ ነው።

ገንደ ቆሬ፦
ሐረርና እዚህ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ እኮ፣ በርካሽም ያልቃል።

ሳቢያን፦
የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን በሁለቱም ፈቃድ በጋብቻ፣ በውርስ፣ በስጦታ፣ በወቅፍ ማለትም ለሃይማኖት በተሰጠ ንብረት ጉዳይ ነው። የአክሲዮን አደራ እዚያ አይሄድም። እዚህ ድሬ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ነው፤ በአዋጅ 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን እሱ ያያል። ከዚያ በላይ ከፍተኛው። ሐረር የክልሉ ፍርድ ቤት ነው።

ገንደ ቆሬ፦
ወንድሙ «ስጦታ ነው» ካለ ግን የሸሪዓ ጉዳይ ሆነ ማለት ነዋ?

ሳቢያን፦
ከሳሹ ካልፈቀደ አይሄድም አልኩህ።

ጁገል በር፦
እሺ፣ ሽማግሌ ያስማማው ወረቀት ይጻፍ፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ የሚመለሰው ንብረት ተዘርዝሮ ይፈረም። ክስ ካለም ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይመዝገብ፣ እንደ ፍርድ እንዲፈጸም። እስከዚህ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እግዱን ግን አልቀበልም። እናትየው ሳይሰሙ የሚደረግ ነገር አይደለም።

የቀፊራዋ፦
እናትየው እስኪሰሙ አክሲዮኑ በማን ስም ይቆይ ጋሼ? እሱን ይንገሩኝ።