እናት ከጎንደር ስትመጣ፦ የዓሣ ነባሪ ጀልባ በየትኛው ወር?

ሰላም ለሁላችሁ። ለጥምቀት ብዬ ጎንደር ነኝ፤ ይህን የምጽፈው እማዬ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፣ ቡናው እየተቆላ። ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ የምትኖረው እህታችን "እናቴ ልትመጣ ነው፣ ዓሣ ነባሪ የሚያሳየው ጀልባ ላይ ባወጣት ይከብዳት ይሆን?" ብላ የጠየቀችውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እናቴን ሁለት ጊዜ ወስጃታለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ አሁንም ይቆጨኛል። ሁለተኛውን ግን እሷ እስካሁን አውርታ አልጠገበችውም። ትናንት እንኳ ከባሕረ ጥምቀቱ ስንመለስ ለአክስቴ እንደ አዲስ ስትተርክላት ነበር፣ እጇን እንደ ጭራ ወደ ላይ እያነሳች።

እህቴ፣ ውሰጃት። በእነሱ ክረምት ግን አትውሰጃት።

የመጀመሪያው ጊዜ በታኅሣሥ ነበር። በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ የሚሄደው ኦርካና ሃምፕባክ የሚባሉትን ግዙፍ የባህር እንስሳት ለማየት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ እየተከተሉ ወደ ፍዮርዶቹ፣ ማለት በተራሮች መሃል ወደ የብስ ወደሚገባው ጠባብ ባህር፣ ይገባሉ። ድሮ ትሮምሶ አጠገብ ይታዩ ነበር፤ በኋላ ግን ሄሪንጉ ወደ ሰሜን ሲሸሽ እነሱም ተከትለው ወደ ሼርቮይ አካባቢ ሄዱ። ስለዚህ ከትሮምሶ የሚነሳው ጀልባ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ መመለሻውም ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ባህር ላይ ናችሁ ማለት ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር መጀመሪያ ደግሞ እዚያ ፀሐይ አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይታያል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላሰብኩት ጾሙን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው፤ እማዬ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ባዶ ሆዷን ከቤት ወጣች። ማዕበሉ ሲጀምር አጥወለወላት። የማቅለሽለሽ ኪኒኑን የሰጠኋት ያን ጊዜ ነው፤ ኪኒኑ የሚሠራው ግን ጀልባው ከመነሳቱ በፊት፣ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሲወሰድ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "ልጄ፣ መሬት መቼ ነው የምንነካው?" ትለኛለች። ኦርካዎቹ መጡ፣ ያ ጥቁር ክንፋቸው ከውሃው በላይ ቀጥ ብሎ ታየ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጠርዙ ሮጠ። እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

እና ምን ተማርኩ? ለእናቶቻችን ጉዞ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚታየው የጾም አቆጣጠር ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሃሉ ያሉት ሦስት ሳምንታት ተኩል ወርቅ ናቸው። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ዝለሉ። እኛ ጎንደር ክረምት የምንለው ያ ወር ለእነሱ ዋናው በጋ ነው፤ እስከ ሐምሌ አጋማሽም ፀሐይ ሌሊት አትጠልቅም። (ለዚህ ወፍራም የመስኮት መጋረጃ አዘጋጂ። እማዬ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ነግቷል ብላ ለጸሎት እየተነሳች እንቅልፍ አልነበራትም።) የጉብኝት ቪዛው ቢበዛ ለ90 ቀን ስለሆነ መምጫዋን ከአሁኑ በዚያ ልክ አስቢው።

ሁለተኛውን ጊዜ በሐምሌ ወደ አንደነስ ወሰድኳት። ቬስተሮለን የሚባሉት ደሴቶች ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከትሮምሶ ሴንያ በምትባለው ደሴት በኩል በመኪና ሄዳችሁ፣ እዚያው ካለችው ከግሪለፍዮርድ መንደር መኪና የሚጭነው ፌሪ በበጋ ያሻግራችኋል። አንደነስ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባህር ዳርቻው ትንሽ እልፍ እንዳላችሁ የባህሩ ወለል ገደል ይሆናል፣ ጥልቀቱ ከ1000 ሜትር ያልፋል። ስፐርም ዌል የሚባለው ትልቁ ዓሣ ነባሪ እዚያ ገደል ውስጥ ይመገባል። ሌላ ቦታ ይህን እንስሳ ለማየት ከመሬት ብዙ መራቅ ይጠይቃል፤ እዚህ ጉዞው በአጠቃላይ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው። ለእናት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አስጎብኚዎቹ ዓሣ ነባሪውን የሚፈልጉት በዓይን ብቻ አይደለም፣ በጆሮም ነው። ሞተሩን ያጠፉና የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ይለቃሉ። ስፐርም ዌል ጨለማ ውስጥ ምግቡን የሚያገኘው ድምፅ እያሰማ፣ የሚመለስለትን ማሚቶ እያዳመጠ ነው። ድምፁን በስፒከር አሰሙን። ቋ… ቋ… ቋ… ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ። እማዬ ጆሮዋን ሰጥታ ስታዳምጥ ቆየችና "መቋሚያ ነው የሚመስለው" አለች። እውነቷን ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። አስጎብኚዋ ድምፁ ሲቋረጥ እየወጣ ነው ማለት ነው፣ ተዘጋጁ አለችን። ተቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሹ ወደ ፊትና ወደ ግራ ጋደል ብሎ ሲረጭ ታየ። የስፐርም ዌል መተንፈሻ በጭንቅላቱ ግራ በኩል ስለሆነ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከሩቅ የሚለዩትም በዚህ ነው።

ውሃው ላይ አስር ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ እየተነፈሰ ብቻ። እንደ ትልቅ ግንድ ነው። ወንዱ እስከ 16 ሜትር ይረዝማል። እማዬ ጀልባ የምታውቀው ጎርጎራ ላይ ስለሆነ በጣና አስረዳኋት፦ ጣና እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ እንስሳ እዚያ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቢቆም ጫፉ ከውሃው በላይ ይቀራል። አማተበች። ከዚያ ጀርባውን ጎበጥ አደረገ፣ ጭራው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ሰማይ ላይ ቆመ፣ ገባ። ጀልባው ላይ ድምፅ ያሰማ ሰው አልነበረም። እማዬ ብቻ "የዮናስ ዓሣ አንበሪ" አለች በቀስታ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ስለነካኝ። ወደዚያ ሰሜን የሚመጡት ስፐርም ዌሎች ወንዶቹ ብቻ ናቸው። እናቶቹና ግልገሎቹ ሞቃት ባህር ውስጥ በቡድን ይኖራሉ፤ ወንዱ ሲጎረምስ ከእነሱ ተለይቶ ምግብ ወደሚበዛበት ቀዝቃዛ ባህር ይሄዳል። ይህን ስተረጉምላት "ታዲያ ተመልሶ አያያቸውም?" አለችኝ። ለመራባት ወደ ሞቃቱ ባህር ይመለሳል አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። እጄን ይዛ ቆየች።

አሁን ወደ ተግባሩ። የጎማ ጀልባ የሚባለውን ፈጣኑን ተዉት። ማዕበሉን እየዘለለ ስለሚሄድ ወገብ ለሚያማት ሴት አይሆንም፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆችም አይመከርም። ቤት ያለው፣ ሽንት ቤት ያለው ትልቁን ጀልባ ያዙ። ቦታዋ መሃል ላይና ዝቅ ያለው ወለል ይሁን፣ እዚያ መናወጡ ይቀንሳል። ዓይኗን አድማሱ ላይ ትጣል፣ ስልክ ላይ አታቀርቅር። የማቅለሽለሽ ኪኒን እንቅልፍ ያመጣል፤ እናትሽ የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ መጀመሪያ ፋርማሲ ጠይቂ። ባዶ ሆድ አትሂዱ፣ ቅባት የበዛበትም አትብሉ።

ብርዱ ሐምሌም ቢሆን ብርድ ነው። ባህር ላይ ነፋሱ አጥንት ይገባል። ወፍራሙን ልብስ ብዙዎቹ ጀልባዎች ላይ ይሰጣሉ፣ ከስር ግን ሱፍ ያስፈልጋል።

ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ለአንድ ሰው ከ1000 የኖርዌይ ክሮነር በላይ ነው። ጉዞው በነፋስ ምክንያት ሊሰረዝም ይችላል። ስለዚህ ከተማው በገባችሁ በመጀመሪያው ቀን ያዙት፤ ቢሰረዝ ወደ ማግስቱ ይዞርላችኋል። ሁለት ሌሊት ካላደራችሁ ግን ልትከስሩ ትችላላችሁ። ዓሣ ነባሪ ካልታየ ሌላ ጉዞ በነፃ የሚሰጡ አሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ምግብ ቤት ስትገቡም ጠይቁ። ኖርዌይ ሚንኬ የሚባለውን ትንሹን ዓሣ ነባሪ አሁንም ለንግድ ታድናለች፣ ሥጋውም ገበያ ላይ አለ። እናትሽ ሳታውቅ እንዳይቀርብላት። የእኔዋ ብታውቅ ኖሮ ከዚያ ቤት ውሃም አትጠጣም ነበር።

በእነሱ ክረምት ካልሆነ በቀር እናቴ መምጣት አትችልም የምትሉ ካላችሁ፣ ከኅዳር 15 በፊት ያሉትን ቀናት ሞክሩ። ኦርካዎቹ መግባት ጀምረዋል፣ ትንሽ የቀን ብርሃንም አለ፣ ጾሙም አልገባም። ከትሮምሶ አትነሱ፤ ሼርቮይ ድረስ በመኪና ሄዳችሁ አድራችሁ ከዚያ ተሳፈሩ፣ የባህሩ ሰዓት በጣም ያጥራል።

እማዬ አጠገቤ ሆና የምጽፈውን እያነበብኩላት ነው። ለእናትሽ ሁለት ነገር ንገሪልኝ ብላለች። ቆሎ ከቤቷ ይዛ ትምጣ፣ ጀልባው ላይ ሆዷን የያዘላት እሱ ነው፣ የገብስና የሽምብራ ቢሆን ይሻላል። ነጠላዋን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ትተወው፣ ነፋሱ ይወስደዋል፤ የእሷን ወስዶባታል።